ያገለገለ የጃዝ ሸክላ ስትገዙ መሃሉን እዩ

ሽፋኑ አያታላችሁ። ሙዚቃው አልቆ መርፌው ወደ መሃል የሚንሸራተትበት፣ ክቡን ወረቀት የሚከበው ባዶ ቦታ አለ አይደል? የስልካችሁን መብራት ከጎን አብሩበት። የተጫሩ ቁጥሮችና ፊደላት ታያላችሁ።

ሸክላው ብሉ ኖት የተባለው የአሜሪካ ጃዝ አሳታሚ ከሆነ «አር ቪ ጂ» ወይም «ቫን ጌልደር» የሚል ፈልጉ፤ ሸክላው የታተመበትን ዋና ቅጂ የቀረጸው ራሱ የድምፅ ባለሙያው ሩዲ ቫን ጌልደር ነው ማለት ነው። አጠገቡ ጆሮ የምትመስል ትንሽ ምልክት ካለች ደግሞ ሸክላውን ያተመው ፕላስቲላይት የተባለው ፋብሪካ ነው፣ እሱ ለብሉ ኖት ማተሙን ያቆመው እ.ኤ.አ. በ1966 ነው። ዋጋውን ሰማይ የምትሰቅለው ይቺ ጆሮ ናት!

ለመስማት ብቻ ከሆነ ግን «ኦሪጅናል ካልሆነ» እያላችሁ አትጨነቁ። የትራምፔት ተጫዋቹ ማይልስ ዴቪስ አልበም «ካይንድ ኦፍ ብሉ» እ.ኤ.አ. በ1959 ሲወጣ የመጀመሪያው ገጽ ሦስቱም ሥራዎች ትንሽ ፈጥነው ነው የሚሄዱት፣ ምክንያቱም ሲቀረጹ የቀዳቸው ማሽን ዝግ ብሎ ይዞር ስለነበር በትክክለኛው ፍጥነት ሲጫወቱ ይፈጥናሉ። የተስተካከለው እ.ኤ.አ. በ1992 ነው። አብራችሁ መሣሪያ ልትጫወቱ ከሞከራችሁ ቃናው አልገጥም ይላችኋል።

ጭረትም እዩ። ቀጭን የፀጉር መስመር ብዙ ጊዜ አይሰማም። ክቦቹን አቋርጦ የሚያልፍ ጥልቅ ጭረት ግን በ33ቱ ፍጥነት (በደቂቃ 33 ከሲሶ ዙር) በየ1.8 ሰከንዱ «ቀጭ» ይላል። እኔ አንዱን በችኮላ ገዝቼ፣ ልክ ቤዙ ብቻውን ሲቀር፣ ቀጭ... ቀጭ... ከበሮ መቺው የተሳሳተ ነበር የመሰለኝ።