ለረጅም መንገድ የሞተር ሳይክል ጎማ ሲመርጡ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ያማሃ ትሬሰር 9፣ ያማሃ ኤፍጄአር 1300 እና ቢኤምደብልዩ አር 1250 አርቲ ሦስቱም ከፊት 120/70፣ ከኋላ 180/55 የሆነ ባለ 17 ኢንች ጎማ ያስራሉ (የመጀመሪያው ቁጥር ስፋቱ በሚሊ ሜትር፣ ሁለተኛው የጎኑ ከፍታ ከስፋቱ በመቶኛ ነው)። ቁጥሩ አንድ ቢሆንም ለሦስቱም አንድ ዓይነት ጎማ አይስማማቸውም። የመጀመሪያው ነዳጅ ሞልቶ 215 ኪሎ ያህል ይመዝናል፤ ሌሎቹ 280 ያህልና ከዚያ በላይ ናቸው። ስሙንና ቁጥሩን ብቻ አይቶ የሚገዛ ሰው ገንዘቡ በከንቱ ይሄዳል፤ ከዚያም የሚከፋው ጎማው ኩርባ ላይ ሲከዳው ነው። መምረጫው የሚጫነው ክብደት፣ የሚነዱበት መንገድ ሙቀትና የሚሞሉት ንፋስ ነው።

የውድድር ጎማ የበለጠ ይይዛል ብሎ መግዛት

በጣም የተለመደውና በጣም አደገኛው ስህተት ይህ ነው። የውድድር ጎማ ላስቲክ አስፋልት የሚጨብጠው በደንብ ሲሞቅ ነው። በውድድር ሜዳ ሞተሩ ከመነሳቱ በፊት ጎማው በኤሌክትሪክ ማሞቂያ ተጠቅልሎ እስከ 80 ዲግሪ ድረስ የሚሞቀውም ለዚሁ ነው። በ8 ዲግሪ ማለዳ፣ በእርጥብ አስፋልት፣ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሰው ያንን ሙቀት ሊያገኘው አይችልም። ላስቲኩ እንደጠጠረ ይቆይና መጀመሪያ የገጠመው ኩርባ ላይ ይንሸራተታል።

ስፖርት ቱሪንግ የሚባለው ጎማ የተሠራው ለዚህ ዓይነቱ ጠዋት ነው። ላስቲኩ ውስጥ ሲሊካ በብዛት ስለሚገባ በብርድም ለስላሳ ነው፤ ቦዮቹም ብዙና ጠለቅ ያሉ ስለሆኑ ውኃውን ከሥሩ ያስወጣሉ። በተራ መንገድ፣ በተለይም በዝናብ፣ ከውድድር ጎማ የተሻለ ይይዛል ማለት ማጋነን አይደለም። በዕድሜም ልዩነቱ ሰፊ ነው፦ ለመንገድ ተሠርቶ ወደ ውድድር ጎማ የሚጠጋው የኋላ ስፖርት ጎማ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 6 ሺህ ኪሎ ሜትር ሲያገለግል ስፖርት ቱሪንጉ ከ8 እስከ 15 ሺህ ይሄዳል።

«ስንት ኪሎ ሜትር ይሄዳል?» ብቻ ብሎ መጠየቅ

አንዱ 15 ሺህ የነዳበትን ጎማ ሌላው በ7 ሺህ ይጨርሰዋል፤ ሁለቱም አልዋሹም። የተሳፋሪና የሻንጣ ክብደት፣ ጋዝ አሰጣጥ፣ የአየሩ ሙቀትና የአስፋልቱ ሻካራነት ዕድሜውን ይቆርጡታል። በተለይ ሬንጅ ተረጭቶ ጠጠር የተነሰነሰበት መንገድ ጎማ እንደ ሞረድ ይበላል። መልስ የሚያገኙት የእርስዎን ዓይነት ሞተር፣ በእርስዎ ዓይነት ጭነትና መንገድ የሚነዳ ሰው ሲጠይቁ ነው።

አሠራሩንም ይጠይቁ። አብዛኞቹ የዛሬ ስፖርት ቱሪንግ ጎማዎች መሐላቸው ጠንካራ፣ ትከሻቸው ለስላሳ በሆነ ሁለት ዓይነት ላስቲክ ይሠራሉ፤ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ጠንካራው ይፈጫል፣ ሲያጋድል ለስላሳው ይይዛል። የኮንቲኔንታል ሮድአታክ ጎማ ግን ላስቲኩ አንድ ነው። ሲበስል የሚሰጠው ሙቀት ከመሐል ወደ ዳር ስለሚለያይ ጥንካሬው ቀስ በቀስ ይለወጣል፤ በሁለት ላስቲክ መካከል የመገናኛ መስመር የለውም። ጉዞው ሁሉ ቀጥ ያለ ሀይዌይ ለሆነ ሰው ጠንካራ መሐል ይበጀዋል፤ መሐሉ ቶሎ ካለቀ ጎማው ጠፍጣፋ ይሆንና ወደ ኩርባ ሲገባ ሞተሩ መጀመሪያ ለማጋደል እምቢ ብሎ ከዚያ በድንገት ያጋድላል።

ለመያዝ ብሎ ንፋስ መቀነስ

ይህም ከውድድር ሜዳ የተወሰደ ልማድ ነው። እዚያ ንፋስ የሚቀንሱት ጎማው በጣም ስለሚሞቅና ንፋሱም ከሙቀቱ ጋር ስለሚያድግ ነው። የአብዛኞቹ የዚህ መደብ ሞተሮች የፋብሪካ ልክ ከፊት 36፣ ከኋላ 42 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ)፣ በባር 2.5 እና 2.9 ነው፤ የእርስዎን በመመሪያ መጽሐፉ ወይም ከኋላ ጎማ አጠገብ ከተለጠፈው ወረቀት ያንብቡ። ከፊት 30 አድርጎ በተራ መንገድ መንዳት መሪውን ያከብደዋል፤ ጥርሶቹን አንዱን ጫፍ ከፍ፣ አንዱን ዝቅ አድርጎ ያስበላል፣ መሪውም መርገብገብ ይጀምራል። ከኋላ ሁለት ሰውና ሻንጣ ጭኖ ንፋስ ማሳነስ የባሰ ነው፤ የጎማው ጎን በእያንዳንዱ ዙር ይተጣጠፋል፣ ይግላል፣ የውስጡ ክር ይላቀቃል።

ጎማው ጎን ላይ የተጻፈውን ቁጥር አይሙሉ። እሱ ጎማው ከፍተኛ ክብደት ሲሸከም የሚያስፈልገው ንፋስ ነው፤ ለእርስዎ ሞተር የተሰጠ ልክ አይደለም።

የሚለካው ጎማው ቀዝቅዞ፣ ማለትም ቢያንስ ለ3 ሰዓት ከቆመ በኋላ ነው። 36 የነበረው ከጉዞ በኋላ 40 ቢሆን ጤናማ ነው፤ ቀንሱት የሚል ሰው ቢገጥምዎ እሺ አይበሉ። ልምድ ያላቸው ነጂዎች ይህንኑ ጭማሪ እንደ መመርመሪያ ይጠቀሙበታል፦ ከሩጫ በኋላ 10 በመቶ ያህል ከጨመረ ልክ ነው፤ ከዚያ በጣም ከበለጠ ጠዋት የተሞላው አንሶ ነበር ማለት ነው።

የአየሩ ሙቀት በ5 ወይም 6 ዲግሪ ሲለወጥ ንፋሱ በ1 ፒኤስአይ ይለወጣል። ከፍታም ይቆጠራል፤ መለኪያው የሚያነበው ከውጭ አየር ጋር ያለውን ልዩነት ስለሆነ 1,000 ሜትር ሲወርዱ ንባቡ አንድ ተኩል ፒኤስአይ ያህል ይቀንሳል። ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል፤ በረሃው ግን ስለሚሞቅ አንዱ ያጎደለውን ሌላው ይመልሰዋል። ስለዚህ በቁልቁለቱ መሐል ቆሞ ማስተካከል ትርፍ የለውም። ካደሩበት ቦታ ጠዋት፣ በአንድ የራስዎ መለኪያ ይለኩ። የነዳጅ ማደያ መለኪያ ከአንዱ ወደ ሌላው በ3 ወይም 4 ፒኤስአይ ቢለያይ የሚያስገርም አይደለም።

ለከባድ ሞተር የቀላሉን ጎማ ማሰር

ከልኩ አጠገብ ያሉት ቁጥርና ፊደል የክብደትና የፍጥነት ጣሪያ ናቸው። 58 ማለት 236 ኪሎ፣ 73 ማለት 365 ኪሎ ሲሆን ደብልዩ የሚለው ፊደል እስከ 270 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። በፋብሪካው ከተጻፈው በታች አይግዙ። ግን ቁጥሩ አንድ ሆኖም የውስጡ አካል ሊለያይ ይችላል፤ ብሪጅስቶን ቲ31ና ቲ32 ለሚባሉት ጎማዎቹ «ጂቲ» የሚል፣ ፒሬሊም ኤንጀል ጂቲ ለሚባለው ጎማው «ኤ» የሚል ምልክት ያለው ጠንከር ያለ ዓይነት ያወጡት ለከባዶቹ ሞተሮች ነው። ኤፍጄአር ላይ ተራውን ያሰረ ሰው የፊት ጎማው ቶሎ ሲቦረቦርበት ያየዋል። ለትሬሰር ደግሞ ጠንካራውን መግዛት ጥቅም የለውም፤ ይነጥራል፣ ለመሞቅም ይዘገያል።

ሰፊ ጎማ ያምራል ብሎ ልክ መቀየር

180/55 የታሰረው በ5.5 ኢንች ቸርኬ ላይ ነው። 190 ሲያስሩበት ዳርና ዳሩ ይጨበጥና የጎማው ቅርጽ ፋብሪካው ካሰበው ይወጣል። በተጨማሪ 190/55 በዲያሜትር ከ180/55 በ11 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። የፍሬንና የመንሸራተት መቆጣጠሪያው ኮምፒውተር የሁለቱን ጎማ ዙር እያነጻጸረ ስለሚሠራ ይህ ልዩነት ያሳስተዋል።

የኋላውን ብቻ ለውጦ የፊቱን መርሳት

የኋላው ቀድሞ ማለቁ የታወቀ ነው፤ የፊቱ ከግማሽ በታች ከቀረው ሁለቱን አብሮ መለወጥ ይሻላል። የተቦረቦረ የፊት ጎማ ከአዲስ ክብ የኋላ ጎማ ጋር ሲገጥም ሞተሩ ኩርባ ላይ ከታሰበው በላይ ይገባል ወይም ይጎትታል። የሁለት ፋብሪካ ጎማ ማቀላቀል ሁልጊዜ ባይከለከልም ቅርጻቸው አብሮ ስላልተሞከረ አይመከርም። ራዲያል (የውስጡ ክር ከዳር እስከ ዳር ቀጥ ብሎ የተዘረጋ ጎማ) ከፊት፣ ራዲያል ያልሆነ ከኋላ ማሰር ግን የሞተሩ ፋብሪካ ካልፈቀደ በቀር ፈጽሞ አይደረግም።

በቀኝ በሚነዳባቸው አገሮች የግራው ትከሻ ቀድሞ ቢያልቅ አይደንግጡ፤ የግራ ኩርባ ሰፊና ረጅም ስለሆነ ጎማው በዚያ በኩል ብዙ ይጓዛል።

የተሠራበትን ቀን አለማየት

በጎማው ጎን ላይ ዶት (DOT) ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ መጨረሻ ላይ ያሉትን አራት ቁጥሮች ያንብቡ። 2324 ማለት በ2024 እ.ኤ.አ. በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ሦስት ቁጥር ብቻ ከሆነ ከ2000 በፊት የተሠራ ነውና ቅናሹ ምንም ያህል ቢሆን ይተዉት። በቀዝቃዛና ጨለማ መጋዘን የቆየ የሁለት ዓመት ጎማ ችግር የለበትም። ከ5 ዓመት አገልግሎት በኋላ በየዓመቱ በባለሙያ ይታይ፤ ከተሠራ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ ሙሉ ቢሆንም ይጣል።

ጥርሱን ሲለኩ መሐሉንም ሁለቱን ትከሻዎችም ይለኩ። በቦዮቹ ውስጥ ያሉት ጉብታዎች ብዙ ጊዜ በ0.8 ሚሊ ሜትር ላይ ናቸው፤ እንደ ጀርመን ባሉ አገሮች ሕጉ 1.6 ይጠይቃል። በዝናብ ግን መያዙ የሚቀንሰው ከዚያም ቀድሞ ነው፤ ክረምት ከመግባቱ በፊት 2 ሚሊ ሜትር የደረሰውን ቢለውጡ ይሻላል።

በአዲስ ጎማ ወዲያው መጋለብ

አዲስ ጎማ ላዩ ልሙጥ ነው፤ እስኪሻክር ከ100 እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይፈልጋል። በዚያ ርቀት ጋዝም ፍሬንም በለሆሳስ፣ ማጋደሉም ደረጃ በደረጃ ይሁን። ጎማ የሚያብረቀርቅ ቅባት የሚባለውን አያስጠጉት።

ጎሚስታው ጎማውን ሲያወልቅ ቫልቩንም ያስለውጡ፤ ኩሽኔታውን በጣት አዙረው የሚያሻክር ነገር መኖሩን ይሞክሩ፤ ባላንስም ያሠሩ። በጎኑ ያለው ቀስት የመሽከርከሪያውን አቅጣጫ ያሳያል። በብዙ ጎማዎች የፊቱ ቦዮች ከኋላው የተገለበጡ የሚመስሉት የፊቱ በፍሬን፣ የኋላው በጋዝ ስለሚጎተት ነው፤ «ተሳስቷል» ብለው እንዳያስገለብጡት። ከግቢው ከመውጣትዎ በፊት የፍሬኑን እጀታና ፔዳል ደጋግመው ይጫኑ፤ ጎማው ሲወልቅ የፍሬን ሸራዎቹ ወደ ኋላ ስለሚገፉ የመጀመሪያው ጫና ባዶ ይሆናል።