ሳሉን ተዉትና ደረቱን እዩ

የደብረ ብርሃን ብርድ አይጣል ነው። ጥቅምትና ኅዳር ላይ የእኛ ጤና ጣቢያ አግዳሚ ወንበር በጋቢ በተጠቀለሉ ሕፃናት ይሞላል። የእናቶቹ ቃል አንድ ነው፦ «ሲስተር፣ ሳሉ ሌሊቱን ሙሉ አላስተኛንም።» እኔ ግን መጀመሪያ ጋቢውን አስፈታለሁ።

ቤት የሚያናጋ ሳል የሚያስለው ልጅ ብዙ ጊዜ ጉንፋን ብቻ ነው የያዘው። የሳንባ ምች ያለበት ደግሞ ብዙም ላያስል ይችላል። የሚያሳብቅበት ትንፋሹ ነው።

ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ ልብሱን እስከ ደረቱ ግለጡ። እያለቀሰ ወይም እየጠባ ከሆነ ቁጥሩ ያታልላችኋል። የስልካችሁን ሰዓት ይዛችሁ ደረቱ ወይም ሆዱ ከፍ ባለ ቁጥር አንድ እያላችሁ 1 ደቂቃ ሙሉ ቁጠሩ። ከ2 ወር በታች ለሆነ ጨቅላ 60፣ ከ2 ወር እስከ 1 ዓመት 50፣ ከ1 እስከ 5 ዓመት 40 ከደረሰ ወይም ካለፈ ትንፋሹ ፈጥኗል።

«ሙሉ» ያልኩት በምክንያት ነው። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ወረፋው በዝቶብኝ የአንድ የ8 ወር ልጅ ትንፋሽ 15 ሰከንድ ቆጥሬ በ4 አባዛሁት። 44 መጣ። «ደህና ነው» ልል ስል አንጋፋዋ ባልደረባዬ ደግማ ሙሉውን ቆጠረች፤ 56! ሕፃን ሲተነፍስ አንዴ ይፈጥናል፣ አንዴ ዝግ ይላል። ያን ቀን በጣም ነው ያፈርኩት።

ትንፋሹ ከፈጠነ፣ ወይም አየር ሲስብ ከጎድኑ በታች ያለው ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ነገ አትበሉ። ጡት ወይም ውሃ እምቢ ካለ፣ የወሰደውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ አልነቃ ካለ ወይም ከንፈሩ ከጠቆረ በሌሊትም ቢሆን ውጡ። ከ2 ወር በታች ከሆነ ትኩሳት ብቻውን ይበቃል።

ይህ ሁሉ ከሌለ ብዙውን ጊዜ ጉንፋን ነው፤ እቤት ይታከማል። ቶሎ ቶሎ ጡት አጥቡት። አፍንጫው ከታፈነ ፈልቶ በቀዘቀዘ አንድ ብርጭቆ ውሃ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው አሟሙታችሁ፣ ከመጥባቱ በፊት ጠብ ጠብ አድርጉለት። ዓመት ያለፈው ልጅ ማር ይላስ፤ ከዓመት በታች ግን ማር ፈጽሞ አይሰጥም። ለትኩሳት ፓራሲታሞል በኪሎው ልክ ነው፤ የአዋቂ ክኒን በግምት አትክፈሉለት። ከሰሉንም ከክፍሉ አውጡት።

እናቴ ነፍሷን ይማርና ለእኛ አፍንጫ ውስጥ ቅቤ ጠብ ታደርግ ነበር። ለፍቅር ነው፤ ግን ቅቤው ሳንባ ከገባ ራሱ በሽታ ይሆናል። እንጥል ማስቆረጥማ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል እንጂ ሳል አያስቆምም።

ሳሉ 2 ሳምንት ካለፈው የሳንባ ነቀርሳም (ቲቢ) አስምም ሊሆን ስለሚችል ይታይ። የክትባት ካርዱንም እግረ መንገዳችሁን ተመልከቱ። ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የሳንባ ምች ክትባት በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት በነፃ ይሰጣል።

ለሳንባ ምች አሞክሳሲሊን (ባክቴሪያ የሚገድል መድኃኒት) የታዘዘለት ልጅ ብዙውን ጊዜ በ3ኛው ቀን ይጫወታል። ያኔ ነው ብዙዎች ክኒኑን አቁመው «ለሚቀጥለው» ብለው መሳቢያ ውስጥ የሚያስቀምጡት። የሚቀጥለው ደግሞ ጉንፋን ይሆናል፤ ጉንፋን የሚመጣው በቫይረስ ስለሆነ ክኒኑ አይነካውም። የታዘዘውን ቀን ጨርሱ፣ መሳቢያው ባዶ ይሁን።