የጥርስ ሥር ቦይ እጥበት፦ መርፌ ብቻ ይበቃል?

ፋይል፣ ማለትም ቀጭኑ የጥርስ ሐኪም ሞረድ፣ ቦዩን ያሰፋል፤ ጥጋጥጉን የሚያጸዳው ግን እጥበቱ ነው። ዋናው ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፣ ያው የበረኪና ዘር። የሞተ ሥጋ የሚያሟሟው እሱ ስለሆነ ክሎርሄክሲዲን (ሌላው ጀርም ገዳይ ፈሳሽ) አይተካውም። ጎኑ ላይ ቀዳዳ ያለው መርፌ ያዝ፣ ከሥራ ርዝመቱ (ፋይሉ ከሚደርስበት ጥልቀት) 2 ሚሊሜትር መለስ አድርገው፣ ቦዩ ውስጥ ከተቀረቀረ ደግሞ በፍጹም እንዳትገፋ፤ ፈሳሹ በሥሩ ጫፍ ካለፈ ፊት ወዲያው ያብጣል፣ ሕመሙም አይጣል ነው።

መርፌ ብቻውን ፈሳሹን ከራሱ ከመርፌው ጫፍ ብዙም አያሳልፍም። አልትራሳውንድ ካለህ ግድግዳ ሳትነካ ፈሳሹን አንቀጥቅጥበት። ከሌለህ ልክ የሚገጥም ጉታ ፐርቻ (ቦይ የሚሞላበት ጎማ መሰል ዘንግ) ወደ ላይ ወደ ታች አንቀሳቅስ፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራልም።

ከዚያ 17 በመቶ ኢዲቲኤ የተባለውን ፈሳሽ ለ1 ደቂቃ፣ ፋይሉ ግድግዳው ላይ የለሰነውን ብናኝ ያነሳል። ክሎርሄክሲዲን የግድ ካልክ መሃል ላይ በሳላይን (በጨው ውሃ) እጠብ፣ አለዚያ ከሃይፖክሎራይቱ ጋር ሲገናኝ ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል።