ደሴ ላይ የሰፈር የጋራ የአትክልት ጓሮ እንዴት ይጀመራል?

መጀመሪያ ዶማ አታንሱ። ቀበሌ ሂዱና ቦታው የማን እንደሆነ ጠይቁ፣ ፈቃዱንም በጽሑፍ ያዙ። እኛ በቃል ብቻ ተስማምተን ጎመኑ ሊደርስ ሲል ጠጠር ተደፋበት፤ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ደሴ ዳገት ናት። ከጦሳ ተራራ የሚወርደው የክረምት ጎርፍ አፈሩን በአንድ ሌሊት ጠርጎ ወደ ቦርከና ወንዝ ይወስደዋል፣ ስለዚህ ከሰኔ በፊት በድንጋይ እርከን ሥሩ፣ መደቡንም ዳገቱን አግድማችሁ አውጡት።

ከዚያ ኮምፖስት፣ ማለትም የተፈጥሮ ማዳበሪያ። የድንች ልጣጭ፣ የቡና አተላ፣ የከብት ፍግና ደረቅ ቅጠል እየደራረባችሁ ከምሩት። እርጥበቱን ለማወቅ በእጃችሁ ጭብጥ አድርጉት፦ ውሃ ካንጠባጠበ ደረቅ ቅጠል ጨምሩ፣ እንደ አቧራ ከተበተነ ውሃ አርከፍክፉበት። በየሁለት ሳምንቱ አገላብጡት። ጠቁሮ፣ ዝናብ እንደነካው መሬት ሲሸት ደርሷል ማለት ነው።

ከተማችን 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ስለሆነች ጎመን፣ ቆስጣ፣ ካሮትና ድንች ይስማሟታል። ከኅዳር እስከ ጥር ውርጭ አለ፤ ለጋ ችግኝ ማታ ማታ በገለባ ሸፍኑ። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን ሞቅ ስለሚላችሁ ቲማቲሙንም ቃሪያውንም በድፍረት ትከሉ። ዛፍ ካሰባችሁ ወይራ ወይም ኮሶ ይሁን። ባሕር ዛፍ በጭራሽ! ውሃውን መጦ ለአትክልቱ አያስተርፍለትም።

የማጠጣቱን ተራ እንደ እድር በደብተር መዝግቡት። በበጋ ማለዳ አጠጡ። እማማዎችን ጀሪካን አታሸክሟቸው፣ ምርቱን ግን እኩል አካፍሏቸው።