በአሮጌ ግድግዳ ላይ የጥንት የመሬት መንቀጥቀጥ ምልክት እንዴት ይፈለጋል?

በ2017 ዓ.ም. የፈንታሌው መንቀጥቀጥ አዲስ አበባ ድረስ ሲሰማ፣ ከተማው ጫፍ ያለው ሰፈራችን በሙሉ የግድግዳውን ስንጥቅ ይቆጥር ጀመር። አብዛኛው ስንጥቅ ግን ቀድሞም የነበረ ነው። የጥንቱን መንቀጥቀጥ የሚፈልግ ሰውም መጀመሪያ ሌላውን ተጠርጣሪ ማሰናበት አለበት።

ሜትር፣ ቱንቢ፣ ደብተርና ኮምፓስ ያለው ስልክ ይያዙ። ሳያስፈቅዱ ምንም አይንኩ።

ከመሬቱ ይጀምሩ። አቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ ቤቱንም አብሮ ይሰነጥቃል። እዚያ የቆመ ግድግዳ ምስክርነቱ ደካማ ነው። የካ ላይ እንዳለው ዋሻ ሚካኤል ከአለት የተፈለፈለ ከሆነ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ፤ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ሲቀዘቅዝ በራሱ ይሰነጠቃል፣ የዛፍ ሥርም ይገባበታል። ጣሪያው ስለፈረሰ ብቻ በመንቀጥቀጥ አያሳብቡ።

ቀጥሎ ስንጥቁን ያንብቡ። ከአንድ ጥግ ተነስቶ እንደ ደረጃ የሚወጣ ከሆነ ብዙ ጊዜ መሠረቱ ሰምጧል ማለት ነው። በሁለት መስኮቶች መካከል እንደ ማባዣ ምልክት የተቋረጠ ከሆነ ግን ግድግዳው ወዲያና ወዲህ ተንጧል። መጋጠሚያውን ትቶ ድንጋዩን ራሱን ከሰነጠቀ ጥርጣሬዎ ይጨምር። የቅስት የመሃል ድንጋይ ተንሸራቶ ካዩ ፎቶ ያንሱ፤ ቅስቱ ሲናጥ ለአፍታ ተከፍቶ ነው የሚወርደው።

የግል ቤት ከሆነ ስንጥቁን አቋርጠው ትንሽ ጄሶ ይለጥፉና ቀኑን በእርሳስ ይጻፉበት። ጄሶው ከተሰነጠቀ ግድግዳው ዛሬም እየተንቀሳቀሰ ነው፣ ነገሩ የጥንት አይደለም። የእኔ ቤት ጄሶ መስከረምን አላየም።

የወደቀውንና ያጋደለውን ሁሉ አቅጣጫ በኮምፓስ ይመዝግቡ። አንድ ቤት ብቻውን ምንም አይልም፤ የአንድ ዘመን ብዙ ቤቶች ወደ አንድ ወገን ሲያጋድሉ ነው ነገሩ የሚጠነክረው። ከዚያ ከታወቁት ጋር ያመሳክሩ፦ በነሐሴ 1898 ዓ.ም. አዲስ አበባን ያናወጠው፣ በ1953 ዓ.ም. በሰሜን ሸዋ ማጀቴን ያፈራረሰው የካራቆሬ መንቀጥቀጥ። ከፍርስራሹ ሥር ያለ ከሰል ወይም ሳንቲም ዘመኑን ሊናገር ይችላል፤ ቁፋሮው ግን የአርኪዮሎጂ ባለሙያ ሥራ ነው።

በባሕር ዳርቻ ምልክቱ ሌላ ነው። በግሪኳ ደሴት በቀርጤስ ምዕራብ ማዕበል አለቱን የቦረቦረበት መስመር ዛሬ እስከ 9 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል፤ ለዚህም በጎርጎርዮሳዊው 365 ዓ.ም. የደረሰው መንቀጥቀጥ ይጠቀሳል። ይህን አንብበው ወደ ላንጋኖ ሲወርዱ ከሐይቁ በላይ ያለውን የድሮ ዳርቻ አይተው እንዳይቸኩሉ። ዝዋይ፣ ላንጋኖ፣ አብያታና ሻላ በአንድ ወቅት አንድ ሐይቅ ነበሩ፤ የለያያቸው የዝናብ መቀነስ ነው።