የስላግ መልሳችሁ 32 ጊዜ ከበዛ

ፖሊ ግቢ አካባቢ ተማሪ ማስጠናት ከጀመርኩ ወዲህ ይሄ ጥያቄ ሳይመጣ ያለፈ ሴሚስተር ትዝ አይለኝም። የፕሮቶን ወይም የኤሌክትሮን መጠነ ቁስ ይሰጥና ወደ ስላግ ቀይሩ ይባላል፤ ስላግ ከእንግሊዞቹ የመጠነ ቁስ አሃዶች አንዱ ነው። ፕሮቶንን በስላግ የሚለካ ሰው የትም የለም። ጥያቄው አሃድ መቀየር መቻላችሁን ለማየት ብቻ ነው፤ ደግሞ ሁሉም የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው።

ትክክለኛውን ያዙት። ፕሮቶን 1.67262 × 10⁻²⁷ ኪሎግራም ነው። አንድ ስላግ 14.5939 ኪሎግራም ነው። ሲካፈል 1.1461 × 10⁻²⁸ ስላግ ይወጣል። ኤሌክትሮን 6.2419 × 10⁻³² ስላግ ነው።

የእናንተ ካልገጠመ ለመሰረዝ አትቸኩሉ። የእናንተን መልስ ለትክክለኛው አካፍሉት። የሚወጣው ቁጥር የት እንደተሳሳታችሁ ይነግራችኋል።

32.17 ከወጣ

ወረቀታችሁ ላይ 3.6875 × 10⁻²⁷ ተጽፏል ማለት ነው። ለ0.45359 ነው ያካፈላችሁት። እሱ ፓውንድ ነው እንጂ ስላግ አይደለም!

ሁልጊዜ የሚመጣብኝ ይሄ ነው። «የእንግሊዞቹ አሃድ ፓውንድ አይደል እንዴ?» ይሉኛል። ነው፤ ግን ፓውንድ የሚባሉት ሁለት ናቸው። አንዱ መጠነ ቁስ ነው፣ ሌላው ጉልበት ነው። የአንድ ፓውንድ ጉልበት አንድ ስላግን ሲገፋ ፍጥነቱ በየሰከንዱ በ1 ጫማ በሰከንድ ይጨምራል። ያው ጉልበት የአንድ ፓውንድ መጠነ ቁስን ሲገፋ ግን ጭማሪው 32.174 ነው። ስለዚህ አንድ ስላግ 32.174 ፓውንድ ነው። በኛ አገር ልክ፣ ሰባት ስላግ ከአንድ ኩንታል ጤፍ ትንሽ ይበልጣል።

መፍትሄው ቀላል ነው፤ የፓውንዱን መልስ ለ32.174 አካፍሉ። 32 ብላችሁ አትቁረጡት። አራት አሃዝ ጠብቁ ተብሎ 32 የሚጽፍ ሰው ያናድደኛል።

አንዱ ልጅ ሐይቅ ዳር ጁስ ቤት ቁጭ ብለን ስልኩን አወጣ። የመቀየሪያ አፑ ዝርዝር ውስጥ ስላግ የለም። ፓውንድን መረጠ፣ ቁጥሩን ገለበጠ፣ ከጎኑ ስላግ ብሎ ጻፈ። «አፑ ነው ያለው» አለኝ። አፑ ምን በወጣው!

ሌላዋ ደግሞ ይሄን ምክር ሰምታ ነው የመጣችው። በትክክል ለ14.5939 አካፍላ ስትጨርስ ለጥንቃቄ ብላ እንደገና ለ32.174 አካፈለችው። 3.562 × 10⁻³⁰ ሆነላት። አንዴ ስላግ ከሆነ አበቃ፣ አትንኩት።

3.28 የወጣላችሁ የዚሁ ዘመዶች ናችሁ። ፓውንዱን ለ9.81 አካፍላችኋል። 9.81 የመሬት ስበት በሜትር ሲለካ ነው፣ 32.174 ደግሞ በጫማ፤ 3.28 ደግሞ በአንድ ሜትር ውስጥ ያለው ጫማ ነው። ፓውንድና ሜትር አታጋቡ።

ቁጥሩ የማይታመን ግዙፍ ከሆነ

ይሄ የፎቶኮፒ ጣጣ ነው። በየፎቶኮፒ ቤቱ የሚሸጠው ሰንጠረዥ የቅጂ ቅጂ ነው። ቀለሙ ሲሳሳ መጀመሪያ የሚጠፋው ከ27 በፊት ያለችው ጭረት ናት። ፕሮቶኑ 1.67 × 10²⁷ ኪሎግራም ይሆናል። ጁፒተር 1.898 × 10²⁷ ነው። አንዱ ተማሪዬ ጁፒተርን ሊያክል ትንሽ የቀረው ፕሮቶን ይዞ፣ መልሱን ሁለቴ አስምሮበት መጣ። ሰንጠረዡን ጣሉት። አሁኑኑ ጣሉት! ከመጽሐፍ ላይ በእጃችሁ ገልብጡ።

ሌሎቹ ባጭሩ

10 ከወጣ፦ ካልኩሌተሩ ላይ 10 ጽፋችሁ ደግሞ ኤክስፕ ተጭናችኋል። ኤክስፕ ራሷ «× 10» ናት።

213 ከወጣ፦ ማካፈል ሲገባችሁ አባዝታችኋል።

1836 ከወጣ፦ የተጠየቃችሁት ኤሌክትሮን ነው፣ የሠራችሁት ፕሮቶን።

1.488 ከወጣ፦ ለ9.80665 አካፍላችኋል። እሱ የሜትሪኩ የድሮ የምህንድስና አሃድ ነው፤ የድሮ የሩሲያ መጽሐፍ የያዘ ተማሪ ነው የሚያመጣው።

በሜጋ ኤሌክትሮንቮልት (የቅንጣቶች መጠነ ቁስ የሚጻፍበት የኃይል አሃድ) ከተሰጣችሁ መጀመሪያ በ1.78266 × 10⁻³⁰ አባዙና ኪሎግራም አድርጉት። የብርሃን ፍጥነት ካሬ እዚያው ውስጥ ተካፍሏል፤ ድጋሚ አታካፍሉ።

ዜሮ ከወጣ፦ በኤክሴል ከሆነ የሴሉን አጻጻፍ ወደ ሳይንሳዊ ቀይሩ። ስምንት አሃዝ ብቻ በሚያሳይ የሱቅ ካልኩሌተር ከሆነ ለባለሱቁ መልሱለት።

ከነዚህ አንዱም ካልሆነ ሁለት ስህተት ተደራርቧል፤ ስህተቶች ደግሞ እርስ በርስ ይባዛሉ። 321.7 ከወጣ ፓውንዱም ኤክስፑም አለበት። እሱን ይዛችሁ ስትመጡ ካልኩሌተሩንም አምጡት።