የጊት ክሎን፣ ፌች እና ፑሽ ሲዘገዩ እንዴት ማፍጠን ይቻላል?

የፕሮግራም ኮድ ለውጦችን መዝግቦ በሚይዘው በጊት የሚሠራ ሰው ሁሉ ክሎን ብሎ አዝዞ ቁጥሩ አልነቃነቅ ያለበትን ቀን ያስታውሳል። ክሎን ፕሮጀክቱን ከሰርቨር መቅዳት፣ ፌች አዲስ ለውጦችን ማምጣት፣ ፑሽ ደግሞ የራስን ለውጥ መላክ ነው። በእንዲህ ያለ ጊዜ ቀድመን የምንወቅሰው ኢንተርኔቱን ነው። ኮኔክሽኑ ጥፋተኛ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አይካድም፤ እኔ በገጠሙኝ አብዛኞቹ ሁኔታዎች ግን ችግሩ ከመስመሩ ጥበት ይልቅ በመስመሩ ላይ እንዲያልፍ የተጠየቀው ዳታ ብዛት ሆኖ ነው ያገኘሁት። ስለዚህ መጀመሪያ መዘግየቱ የት ላይ እንደሆነ እንለያለን፤ ቀጥለን የሚጓዘውን ዳታ እንቀንሳለን፤ መስመሩን ወደ ማስተካከል የምንሄደው ከዚያ በኋላ ነው። ትእዛዞቹን እዚህ እንደ አነባበባቸው በአማርኛ ፊደል ጽፌአቸዋለሁ፤ ተርሚናል ላይ ሲገቡ ግን በላቲን ፊደል መሆን አለባቸው።

ሊነስ ቶርቫልድስ በ2005 ጊትን ለሊኑክስ ከርነል ሥራ ሲያዘጋጀው፣ እያንዳንዱ ገንቢ የፕሮጀክቱን ሙሉ ታሪክ በራሱ ኮምፒውተር ላይ እንዲይዝ አድርጎ ነው። በመሆኑም ተራ ክሎን የሚያመጣው ዛሬ የሚታዩትን ፋይሎች ብቻ አይደለም፤ ከመጀመሪያው ኮሚት (የተመዘገበ ለውጥ) ጀምሮ የነበረውን የእያንዳንዱን ፋይል ቅጂ ሁሉ ያመጣል። ይህ ሁሉ ተጨምቆ «ፓክ» በሚባል ፋይል ውስጥ ይታሸጋል። በፓኩ ውስጥ የሚመሳሰሉ ቅጂዎች በልዩነታቸው ብቻ ይቀመጣሉ፤ ይህ ልዩነት «ዴልታ» ይባላል። የፕሮግራም ኮድና ሌላ ጽሑፍ በዚህ መንገድ እጅግ ያንሳል። ቪዲዮ፣ ፎቶና ዚፕ ፋይል ግን ቀድሞውኑ የተጨመቁ ስለሆኑ ብዙም አይቀንሱም፤ አንድ ትልቅ ምስል 10 ጊዜ ከተቀየረ 10 ሙሉ ቅጂ የመያዝ ያህል ይከብዳል።

ደረጃ 1፦ መዘግየቱ የት እንዳለ መለየት

ክሎን ሲሠራ ተርሚናሉ ላይ የሚወጡት መስመሮች ብዙ ይናገራሉ፤ ብዙ ሰው ግን አያነባቸውም። «ሪሞት» የሚል ቃል ከፊታቸው ያለባቸው «ኢኑመሬቲንግ»፣ «ካውንቲንግ» እና «ኮምፕሬሲንግ» የሚሉት መስመሮች ሰርቨሩ ላይ የሚካሄዱ ሥራዎችን ያመለክታሉ፤ ሰርቨሩ የሚልካቸውን ኦብጀክቶች (ታሪኩ የተሠራባቸውን ኮሚቶች፣ ፎልደሮችና ፋይሎች) እየቆጠረና እየጨመቀ ነው ማለት ነው። «ሪሲቪንግ ኦብጀክትስ» የሚለው ዳታው በትክክል በመስመር ላይ የሚያልፍበት ጊዜ ሲሆን፣ ከጎኑ ምን ያህል ሜጋባይት እንደገባና በሰከንድ በምን ፍጥነት እንደሚገባ ይታያል። «ሪዞልቪንግ ዴልታስ» ላይ ሲደረስ ኔትወርኩ ሥራውን ጨርሷል፤ የሚደክመው የእርስዎ ኮምፒውተር ፕሮሰሰር ነው። ከዚያ ፋይሎቹ ወደ ዲስክ ይጻፋሉ።

እንግዲህ ቆሞ የሚቀረው ቆጠራው ላይ ከሆነ ኢንተርኔት መቀየር ምንም አይጠቅምም፤ መፍትሔው ሰርቨሩ ዘንድ ነው። ዴልታው ላይ ከሆነ ደግሞ ወይ የኮምፒውተሩ አቅም ወይ የሪፖዚተሪው (ፕሮጀክቱ ከነታሪኩ የሚቀመጥበት ማከማቻ) ግዝፈት ነው። ምንም መስመር ሳይወጣ ለረጅም ጊዜ ዝም ካለ ግንኙነቱን በመክፈት፣ ማንነትን በማረጋገጥ ወይም የብራንቾችንና (የሥራ ቅርንጫፎችን) የታጎችን (ለኮሚቶች የተሰጡ መለያ ስሞችን) ዝርዝር በመቀበል ላይ ነው። በፑሽ ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል፦ ቆጠራውና ጭመቃው በእርስዎ ኮምፒውተር ላይ ይካሄዳል፤ «ራይቲንግ ኦብጀክትስ» የሚለው ደግሞ ዳታው የሚላክበት ነው። በዓይን ማየት ካልበቃ «ጊት_ትሬስ2_ፐርፍ» የተባለውን የአካባቢ ተለዋዋጭ (ኢንቫይሮመንት ቫሪያብል) 1 ብሎ ሰይሞ ትእዛዙን ማስኬድ እያንዳንዱ ሥራ የወሰደውን ጊዜ ዘርዝሮ ያሳያል።

ደረጃ 2፦ ሪፖዚተሪውን መመዘን

«ጊት ካውንት-ኦብጀክትስ -ቪኤች» ብለው ሲያዝዙ ከሚወጡት ቁጥሮች ውስጥ «ሳይዝ-ፓክ» የሚለውን ይመልከቱ፤ የታሪኩ ሙሉ ክብደት እሱ ነው። ይህ ቁጥር በሥራ ፎልደሩ ውስጥ ካሉት ፋይሎች ድምር በብዙ እጥፍ ከበለጠ በታሪኩ ውስጥ የተቀበረ ከባድ ነገር አለ ማለት ነው።

አንድ ጊዜ አብሬው የሠራሁት ቡድን ክሎን ለምን እንደሚዘገይ ለቀናት ሲያወጣና ሲያወርድ ቆየ። ፎልደሮቹ ተፈተሹ፤ አንድም ትልቅ ፋይል አልተገኘም። በኋላ እንደታየው አንድ ሰው የዳታቤዝ ቅጂ በስህተት ኮሚት አድርጎ በማግስቱ በሌላ ኮሚት አጥፍቶት ነበር። ፋይሉ ከፎልደሩ ጠፋ እንጂ ከታሪኩ አልጠፋም፤ ከዚያ በኋላ ክሎን ያደረገ ሁሉ ሳያውቀው ሲሸከመው ኖሯል። እንዲህ ያለውን ለማግኘት የ«ጊት ሬቭ-ሊስት --ኦብጀክትስ --ኦል» ውጤትን በፓይፕ ወደ «ጊት ካት-ፋይል --ባች-ቼክ='%(ኦብጀክትሳይዝ) %(ሬስት)'» አስተላልፎ በመጠን መደርደር በቂ ነው፤ ከዝርዝሩ አናት ላይ ያሉት ጥቂት ስሞች አብዛኛውን ጊዜ ምስጢሩን ያወጡታል።

ደረጃ 3፦ የሚያስፈልግዎን ብቻ ማምጣት

ትልቁ ለውጥ የሚገኘው እዚህ ነው፤ ያሉት መንገዶች ግን ለየራሳቸው ዓላማ የተሠሩ ስለሆኑ አንዱን በሌላው ቦታ መጠቀም ያስቆጫል።

የመጀመሪያው ጥልቀት የሌለው ክሎን ነው። «ጊት ክሎን --ዴፕዝ=1» ከተባለ የመጨረሻው ኮሚት ብቻ ይመጣል። ኮዱን አውርዶ ቴስት አስኪዶ ወዲያው ለሚጥል አውቶማቲክ ሥራ ከዚህ የሚሻል የለም ማለት ይቻላል። ለዕለት ተዕለት የልማት ሥራ ግን አልመክረውም። ታሪኩ ስለተቆረጠ «ሎግ» (የኮሚቶች ዝርዝር) እና «ብሌም» (እያንዳንዱን መስመር ማን እንደቀየረ የሚናገረው) የሚያሳዩት ጎዶሎ ነው፤ ሁለት ብራንቾች የተለያዩበትን ቦታ መፈለግም ሊያቅት ይችላል። በተጨማሪም ይህ አማራጭ ሌላ ካልተነገረው በቀር አንድ ብራንች ብቻ እንደሚያመጣ ማወቅ ያስፈልጋል፤ «ብራንቹ የለም» እያሉ የሚደናገሩ ሰዎችን ብዙ ጊዜ ያጋጠማቸው ይኸው ነው።

ሁለተኛው ከፊል ክሎን ሲሆን፣ በየቀኑ ለሚሠራ ሰው እኔ የማስቀድመው እሱን ነው። «ጊት ክሎን --ፊልተር=ብሎብ፡ነን» ሲባል ኮሚቶቹና የፎልደሮቹ መዋቅር በሙሉ ይመጣሉ፤ የፋይሎቹ ይዘት ግን በሚያስፈልግበት ሰዓት ብቻ ከሰርቨሩ ይጠየቃል። ታሪኩ ሙሉ ስለሆነ ሎግ እንደተለመደው ይሠራል። ዋጋው ያለው የቆየ ለውጥ ሲያወዳድሩ ወይም ብሌም ሲጠይቁ ነው፦ ያን ጊዜ ጊት ወደ ሰርቨሩ ተመልሶ ይሄዳል፤ ኔትወርክ ከሌለም ሥራው ይቆማል። ስለዚህ ከኔትወርክ ውጭ ለመሥራት ካሰቡ አስቀድመው ያስቡበት። ሰርቨሩ ይህን አሠራር መፍቀድ አለበት፤ ካልፈቀደ ጊት ማስጠንቀቂያ ጽፎ ሁሉንም ያመጣል፤ በመሆኑም ማስጠንቀቂያውን ሳያነቡ «ምንም ለውጥ የለውም» ብለው አይደምድሙ።

ሪፖዚተሪው ብዙ ፕሮጀክቶችን በአንድ ላይ የያዘ ከሆነ ደግሞ ከከፊል ክሎን ጋር የተመረጡ ፎልደሮችን ብቻ ዲስክ ላይ የሚያወጣው «ስፓርስ-ቼክአውት» ይጨመራል። ክሎኑ ላይ «--ስፓርስ» የሚለውን አማራጭ አክለው ከገቡ በኋላ «ጊት ስፓርስ-ቼክአውት ሴት» ብለው የሚሠሩበትን ፎልደር ስም ይሰጣሉ። ብቻውን ከሆነ ዲስክ ላይ የሚታየውን እንጂ በመስመር የሚያልፈውን አይቀንስም፤ ከከፊል ክሎን ጋር ሲጣመር ግን የማይነኳቸው ፎልደሮች ይዘት ጭራሽ አይወርድም።

ደረጃ 4፦ መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነ

ስለዚህ ችግር ሲጻፍ አላይም፤ ስንቱን ሰው እንዳስለቀሰ ግን አውቃለሁ። ክሎን ከተቋረጠበት አይቀጥልም። 90 በመቶ ደርሶ መስመሩ ቢጠፋ የወረደው ሁሉ ተጥሎ ከዜሮ ይጀመራል። ከዚህ ማምለጫው ሁለት ነው።

አንዱ በጥቂቱ ማውረድ ነው። በመጀመሪያ በ«--ዴፕዝ=1» ክሎን ያድርጉ፤ ከዚያ ፎልደሩ ውስጥ ገብተው «ጊት ፌች --ዲፕን=100» ይበሉ፤ ይህን ደጋግመው ያስኪዱት። እያንዳንዱ ፌች በተሳካ ቁጥር የመጣው ዲስክ ላይ ይቀራል፤ ቢቋረጥ የሚጠፋው የዚያ ዙር ብቻ ነው። ወደ መጨረሻው ሲቃረቡ «ጊት ፌች --አንሻሎው» ቀሪውን ታሪክ ያሟላል።

ሌላው «በንድል» ነው። ጥሩ መስመር ባለው ኮምፒውተር ላይ ሪፖዚተሪው ካለ «ጊት በንድል ክሪኤት ፕሮጀክት.በንድል --ኦል» ብሎ ማዘዝ መላውን ታሪክ በአንድ ተራ ፋይል ያጠቃልለዋል። ተራ ፋይል ስለሆነ ከተቋረጠበት መቀጠል በሚችል ማውረጃ ሊወርድ፣ በፍላሽም ሊመጣ ይችላል። እጅዎ ሲገባ «ጊት ክሎን ፕሮጀክት.በንድል» ይበሉ፤ ቀጥለው «ጊት ሪሞት ሴት-ዩአርኤል ኦሪጂን» ብለው የእውነተኛውን ሰርቨር አድራሻ ይስጡት፤ በመጨረሻም ፌች ያድርጉ። ከሰርቨሩ የሚመጣው በንድሉ ከተሠራ ወዲህ የተጨመረው ብቻ ይሆናል። አንድ ቢሮ ውስጥ ላሉ ብዙ ሰዎች አንድ በንድል አውርዶ ማካፈል ምን ያህል ጊዜ እንደሚቆጥብ በዓይኔ አይቻለሁ።

ደረጃ 5፦ ከባድ ፋይሎችን ከታሪኩ ማውጣት

በየጊዜው የሚቀየሩ ትልልቅ ምስሎች፣ ድምፆችና ሞዴሎች የግድ ከኮዱ ጋር መቀመጥ ካለባቸው ጊት ኤልኤፍኤስ ለዚሁ የተሠራ ነው። በሪፖዚተሪው ውስጥ የሚቀረው ሦስት መስመር ያላት ትንሽ የጽሑፍ ፋይል ናት፦ የመጀመሪያው መስመር የአሠራሩን ቅጂ፣ ሁለተኛው የእውነተኛውን ፋይል መለያ ሃሽ፣ ሦስተኛው መጠኑን ይናገራል። ዋናው ፋይል በተለየ ማከማቻ ይቀመጥና ቼክአውት የተደረገው (ወደ ሥራ ፎልደሩ የወጣው) ቅጂ ብቻ ይወርዳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበትን ልብ ይበሉ። «ጊት ኤልኤፍኤስ ትራክ» የሚሠራው ከዚያ በኋላ ለሚገባው ነው፤ ቀድሞ ታሪክ ውስጥ የገባው እንዳለ ይቀራል። የቆየውን ለማውጣት «ጊት ኤልኤፍኤስ ማይግሬት ኢምፖርት»፣ ወይም ፋይሉ ጨርሶ የማያስፈልግ ከሆነ «ጊት ፊልተር-ሪፖ» ያስፈልጋል። ሁለቱም ታሪኩን እንደገና ይጽፋሉ፤ የኮሚቶቹ መለያ ቁጥር ይቀየራል፤ ሁሉም ሰው አዲስ ክሎን ማድረግ ይኖርበታል። አንድ ሰው እንኳ አሮጌውን ቅጂ ይዞ ፑሽ ቢያደርግ የወጣው ሸክም ተመልሶ ይገባል። ስለዚህ ቀን ቆርጦ፣ ለሁሉም ነግሮ፣ ሙሉ ቅጂ አስቀምጦ መሥራት ይገባል። ከኮዱ ተመልሰው ሊመነጩ የሚችሉ ውጤቶችና የወረዱ ላይብረሪዎች ግን መጀመሪያውኑ ጊት የማይመዘግባቸው ፋይሎች በሚዘረዘሩበት በ«.ጊትኢግኖር» መከልከል አለባቸው።

ደረጃ 6፦ ሰርቨሩና መስመሩ

ሰርቨሩን የሚያስተዳድሩት ራስዎ ከሆኑና ቆጠራው የሚዘገይ ከሆነ «ጊት ሪፓክ» በ«ኤ»፣ «ዲ» እና «ቢ» አማራጮች ያስኪዱ። ይህ የተበታተኑትን ፓኮች ወደ አንድ ሰብስቦ «ቢትማፕ» የሚባል ማውጫ ይጽፋል፤ ማውጫው ካለ ሰርቨሩ የሚላከውን ለማወቅ ታሪኩን አንድ በአንድ መከተል አያስፈልገውም።

የጊትዎን ቅጂ ማሻሻልም ያዋጣል። ጊት ከሰርቨሩ ጋር የሚነጋገርበት ፕሮቶኮል ሁለተኛው ዓይነት በ2018 በቅጂ 2.18 ገብቶ በ2020 ከወጣው 2.26 ጀምሮ መደበኛ ሆኗል። የቀድሞው በእያንዳንዱ ፌች የብራንቾችንና የታጎችን ሙሉ ዝርዝር ይልክ ነበር፤ አዲሱ የተጠየቀውን ለይቶ ይልካል። በሺህ የሚቆጠሩ ብራንቾች ባሉበት ልዩነቱ በግልጽ ይሰማል።

ከሰርቨሩ ጋር በኤስኤስኤች (በተመሰጠረ የግንኙነት መንገድ) የሚገናኙ ከሆነ በኮንፊግ ፋይሉ ውስጥ «ኮንትሮልማስተር»፣ «ኮንትሮልፓዝ» እና «ኮንትሮልፐርሲስት» የሚሉትን ማስተካከል አንድ የተከፈተ ግንኙነት ለተከታታይ ትእዛዞች እንዲያገለግል ያደርጋል፤ ሰርቨሩ ሩቅ ሲሆን ለትናንሽ ፌቾች በጣም ይረዳል። የኤስኤስኤችን ጭመቃ ማብራት ግን ፓኩ ቀድሞ ስለተጨመቀ ትርጉም ያለው ጥቅም የለውም። በኤችቲቲፒ ሲላክ ዳታ የሚጠራቀምበትን የሚሞሪ መጠን የሚወስነውን «ኤችቲቲፒ.ፖስትበፈር»ን ማሳደግም ለፍጥነት ተብሎ በየቦታው ይመከራል፤ መደበኛው 1 ሜጋባይት ሲሆን፣ እሱን ማሳደግ አብዛኛውን ጊዜ ሚሞሪ ከመፍጀት ያለፈ አይፈይድም።

ደረጃ 7፦ እንደገና መለካት

ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ያንኑ ትእዛዝ «ታይም» አስቀድመው ያስኪዱና ጊዜውን ይመዝግቡ፤ ሁለት ነገር በአንድ ላይ ከቀየሩ የትኛው እንደረዳ አይታወቅም። ክሎንን ሲለኩ በአዲስ ባዶ ፎልደር ውስጥ ይሁን፤ ዳታው ቀድሞ ባለበት ፎልደር የሚደረግ ፌች የሚያመጣው ስለሌለው ሁልጊዜ ፈጣን መስሎ ይታያል።